ጌታው የሄደበት ቤት፦ አንድ ትልቅ መኖሪያ እንዴት የአባላት ክለብ ይሆናል?

የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጥቶ ጅሬን ይዤው ወጣሁ። ጅማ የመጣ እንግዳ ጅሬንን ሳያይ አይመለስም። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በረንዳ ላይ ቆመን ከተማውን ቁልቁል እያየን ነበር። እንጨቱን በእጁ ዳበስ አደረገና «ይሄ ቤት ለንደን ቢሆን እኮ ክለብ ያደርጉት ነበር። አባል ካልሆንክ በሩን አታልፍም» አለኝ።

«ምን ዓይነት ክለብ?» አልኩት። ጅማ ላይ ክለብ ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበን ጅማ አባ ጅፋር ነው፤ በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያመጣልን የእግር ኳስ ቡድናችን። ከዚያ የማታ ጭፈራ ቤቱ ይከተላል። እሱ የሚያወራው ግን ከሁለቱም አይደለም። ኢንተርኔት ላይ ያየውን፣ ላንስዳውን የሚባለውን የለንደን የድሮ መኳንንት ቤት ነው። ዛሬ የአባላት ክለብ ሆኗል። ቁልቁለቱን ስንወርድ ስለዚያው ስናወራ መጣን። ነገሩ ብዙ ሰው እንደሚያምታታ ስለገባኝ እዚህ ላይ በቀላሉ ላስረዳው። የውጭ አገር ዓመታትን በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

የአባላት ክለብ ማለት ምንድን ነው?

እድራችሁን አስቡ። እድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ብረት ድስቶች አሉት። የማን ናቸው? የማንም የግል አይደሉም፤ የሁሉም ናቸው። በየወሩ መዋጮ ትከፍላላችሁ። አዲስ ሰው ሲገባ መመዝገቢያ ይጠየቃል፤ ምክንያቱም ድንኳኑን የገዙት ቀድመው የገቡት ናቸው፤ እሱም ድርሻውን ማዋጣት አለበት። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመረጣሉ። መተዳደሪያ ደንብ አለ። ሰፈር ቀይሮ የወጣ ሰው የወንበር ድርሻዬን ስጡኝ አይልም።

አሁን ድንኳኑን በትልቅ ቤት ተኩት። ለቅሶውን ደግሞ በእራት፣ በጋዜጣ ንባብ፣ በካርታ ጨዋታ፣ በዋና፣ ከሩቅ የመጣ አባል በሚያድርበት መኝታ ክፍል ተኩት። የአባላት ክለብ በመሠረቱ ይኸው ነው። መመዝገቢያ፣ ዓመታዊ መዋጮ፣ ደንብ፣ የተመረጠ ኮሚቴ አለው። በአማርኛ «ክበብ» የሚለው ቃል ለዚህ ይቀርባል። የመኮንኖች ክበብ ስንል የምናስበው ቤትም ሰዎችም ነው፤ ሁለቱ አይነጣጠሉም።

የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግም ይህን ዓይነት ስብስብ ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው ሕግ አንቀጽ 404 ማኅበርን ሲተረጉም፣ ትርፍ ለማግኘት ወይም ለመከፋፈል ሳይሆን ለሌላ ዓላማ የተሰባሰቡ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች መሆናቸውን ይናገራል። ከንግድ ማኅበር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ገንዘብ ቢተርፍ ጣራ ይጠገንበታል እንጂ ለአባላቱ አይታደልም።

አንድ ማስተዋል ያለባችሁ ነገር አለ። ክለብ የሚባል ሁሉ የአባላቱ አይደለም። ባለቤቱ አንድ ኩባንያ የሆነ፣ አባሉ ክፍያ ብቻ የሚከፍልበትም አለ። በ1995 ለንደን ውስጥ የተጀመረውና በብዙ አገር ቤት የከፈተው ሶሆ ሃውስ የዚህ ምሳሌ ነው። እዚያ አባል መሆን ማለት ቋሚ ደንበኛ መሆን ነው። በነባሮቹ ክለቦች ግን አባሉ ደንበኛም ባለቤትም ነው። ልዩነቱ ቤቱ ሊሸጥ የታሰበ ዕለት ይታያል፤ አንዱ ጋ ባለአክሲዮኖች ይወስናሉ፣ ሌላው ጋ አባላቱ ተሰብስበው እጅ ያወጣሉ።

ማን ነው የሚገባው?

ከእድር የሚለዩበት ዋናው ቦታ ይሄ ነው። እድር የሰፈሩን ሰው ሁሉ ይቀበላል። ክለብ ይመርጣል። በተለመደው የእንግሊዞች አሠራር ራሳችሁን አታስመዘግቡም። አንድ አባል ስማችሁን ያቀርባል፤ ሌላ አባል ይደግፋል። ከዚያ ተራ ትጠብቃላችሁ።

ድሮ ድምፅ የሚሰጠው በኳስ ነበር። ጠጠር የምታህል ነጭ ወይም ጥቁር ኳስ ማንም ሳያያችሁ ሳጥን ውስጥ ትጥላላችሁ። ነጩ «ይግባ»፣ ጥቁሩ «አይግባ» ነው። አንዳንድ ክለብ ውስጥ አንዲት ጥቁር ኳስ ብቻ ሰውየውን ታስቀረው ነበር። ማን እንደጣላት አይታወቅም፤ ለምን እንደጣለም አይጠየቅም። የክለብን ሕይወት ከዚህች ኳስ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁም። ከማን ጋር እራት እንደምትበሉ መምረጥ ትችላላችሁ። የዚያው መብት ሌላኛው ፊት ግን ሰውን ያለ ምክንያት በር ላይ ማስቀረት ነው።

ነገሩ ከየት ተጀመረ?

ከቡና! ይሄንን ስነግረው የአክስቴ ልጅ ቀጥ ብሎ ቆመ።

ጎማ ወረዳ ያለችው ጮጬ የቡና መገኛ ናት እንላለን፤ ካፋዎች ደግሞ ማንኪራ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ ፍሬው ከዚህ ከእኛ ጫካ ወጥቶ በየመንና በኦቶማኖች አገር አድርጎ አውሮፓ ገባ። ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ቡና ቤት በ1652 የከፈተው ፓስኳ ሮዜ የሚባል፣ ከኦቶማን ምድር ከነጋዴ አሠሪው ጋር የመጣ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ቡና ቤት እንደ አሸን ፈላ። አንዲት ፔኒ የከፈለ ይገባል፤ ቡና ይጠጣል፤ ጋዜጣ ያነባል፤ ስለ ንግድና ስለ ንጉሥ ያወራል። ወሬው ንጉሡን አሳሰበው። ዳግማዊ ቻርልስ በ1675 መጨረሻ ቡና ቤቶች እንዲዘጉ አዋጅ አወጣ። ሕዝቡ ሲያጉረመርም ግን በቀናት ውስጥ ሻረው።

እኛ አገር «የቡና አጣጭ አያሳጣህ» ይባላል። ቡና ያለ ሰው አይጠጣም። ለንደንም ቡናው አጣጮችን ሰበሰበ። የመርከብ ሰዎች ኤድዋርድ ሎይድ ቡና ቤት ያዘወትሩ ነበር፤ የዛሬው ትልቅ የመድን ገበያ ሎይድስ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። መኳንንቱ ደግሞ የራሳቸው ቤት ነበራቸው። በ1693 ፍራንቼስኮ ቢያንኮ የሚባል ጣሊያናዊ የቸኮሌት መጠጥ ቤት ከፈተ። «ቢያንኮ» ነጭ ማለት ስለሆነ እንግሊዞች «ዋይት» አሉት። መኳንንቱ እዚያ ቁማር ሲጫወቱ ማንም መንገደኛ ገብቶ እንዲያያቸው አልፈለጉም። ቀስ በቀስ በሩ ለሚታወቁ ሰዎች ብቻ ሆነ። ዋይትስ እስከ ዛሬ አለ፤ ከለንደን ክለቦች ሁሉ አንጋፋው እሱ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ለማንም ክፍት የሆነ ቡና ቤት ነበር፤ ክለብ የሆነው በሩ ሲጠብ ነው።

የላንስዳውን ቤት የማን ነበር?

የአክስቴ ልጅ ያየው ቤት ይሄ ነው። ለንደን መሃል፣ በርክሊ አደባባይ ዳር ይገኛል። ቪላ ስንል እኛ ግቢ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት እናስባለን። ይሄ ግን የከተማ ቤተ መንግሥት ማለት ይቀለዋል።

ያሠራው ሎርድ ቢዩት ነው፤ በ1762 እና 63 የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረ። ንድፉን የሠራው ስኮትላንዳዊው ሮበርት አዳም ነው፤ በዘመኑ የባለጸጎችን ቤት በማሳመር የሚስተካከለው አልነበረም። ቢዩት ቤቱን ሳይጨርሰው በ1765 በ22,500 ፓውንድ ለሎርድ ሼልበርን ሸጠው። ሼልበርን በ1768 ገባበት። ኋላ እሱም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በ1782 መጨረሻ እንግሊዝ ከአሜሪካ ጋር የመጀመሪያውን የሰላም ስምምነት ስትፈርም ሥልጣን ላይ የነበረው የዚህ ቤት ጌታ ነው። በ1784 የላንስዳውን ማርኪስ የሚል ማዕረግ ተሰጠው፤ ቤቱም ስሙን ከዚያ ወሰደ።

ሼልበርን ከሮም የጥንት ሐውልቶች እየገዛ ቤቱን ሞላው። ከእነዚህ አንዱ፣ ትልቁ የሄርኩለስ ሐውልት፣ ዛሬ ካሊፎርኒያ ጌቲ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። እንዴት እዚያ እንደደረሰ እመለስበታለሁ።

ከእኛ ጋርም የሚገናኝበት ክር አለ። ከ1900 እስከ 1905 የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው አምስተኛው የላንስዳውን ማርኪስ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ የሱዳንን ድንበር ሲዋዋሉ ሚኒስትሩ እሱ ነበር። ስለ ዓባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ውሃ የሚያወሳው፣ እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሳው ውል ያ ነው። ከአጋሮ ወዲያ ወደ በደሌ ስንሄድ የምንሻገረው ዴዴሳ መጨረሻው ዓባይ ነው። የዚያ ቤት ታሪክ እኛን አይነካንም ማለት ከባድ ነው።

ታዲያ ጌቶቹ ለምን ለቀቁት?

ትልቅ ቤት ገንዘብ ይበላል። ለምድጃው አንድ ሰው፣ ለፈረሶቹ ሌላ፣ ለብር ዕቃው ሌላ፣ ለመስኮቱ ሌላ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤት ሠራተኛ እንደ ድሮው በርካሽ የሚገኝ አልሆነም። ፋብሪካና ሱቅ የተሻለ ይከፍሉ ነበር።

ከዚያ የውርስ ግብር መጣ። ባለንብረቱ ሲሞት፣ ልጁ ከመውረሱ በፊት መንግሥት ድርሻውን ይወስዳል። በ1894 ሲጀመር ከፍተኛው መጠን 8 በመቶ ነበር። በ1919 እጅግ ትልልቅ በሆኑት ንብረቶች ላይ 40 በመቶ ደረሰ። አስቡት፤ አባት ሞቶ ለቅሶ ላይ ሳላችሁ ከንብረቱ አርባ በመቶውን በጥሬ ገንዘብ ክፈሉ ስትባሉ። ንብረቱ ደግሞ መሬትና ግድግዳ ነው። ከመሸጥ በቀር ምን ይደረጋል?

ሦስተኛው ምክንያት ቦታው ነው። ለንደን መሃል ያለ ሰፊ ግቢ ከቤቱ ይልቅ መሬቱ ዋጋ አወጣ። በላንስዳውን ቤት አካባቢ የነበሩት ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ወደቁ። ዴቨንሺር ሃውስ በ1924 ፈረሰ። ግሮቭነር ሃውስ ተከተለ፤ ቦታው ሆቴል ሆነ። ዶርቼስተር ሃውስ በ1929 ፈረሰ፤ እሱም ቦታው ላይ ስሙን የያዘ ሆቴል በ1931 ተከፈተ።

ላንስዳውኖች መጀመሪያ ቤቱን ማከራየት ጀመሩ። በ1920ዎቹ የተከራየው ጎርደን ሴልፍሪጅ ነው፤ ኦክስፎርድ ጎዳና ላይ ያለው የትልቁ ሱቅ ባለቤት፣ አሜሪካዊ ነጋዴ። ጠቅላይ ሚኒስትሮች በኖሩበት ሳሎን ባለሱቅ ድግስ ደገሰ። አምስተኛው ማርኪስ በ1927 ሞተ። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ተሸጠ። ሐውልቶቹ በ1930 ለጨረታ ቀረቡ። ሄርኩለስ ጌቲ እጅ የገባው ከዚያ በኋላ በ1951 ነው።

ቤቱ ክለብ ሲሆን ምን ቀረ፣ ምን ሄደ?

ይሄ የታሪኩ ከባድ ክፍል ነው። የዌስትሚኒስተር ማዘጋጃ ቤት ከበርክሊ አደባባይ ወደ ከርዘን ጎዳና የሚያሳልፍ መንገድ ሊያወጣ ፈለገ። መንገዱ የሚያልፈው በቤቱ ፊት በኩል ነው። ፎቁ ሙሉ በሙሉ አልፈረሰም። የፊተኛው ክፍል ተቆረጠ፤ የፊት ግድግዳው ድንጋይ ወደ ኋላ ተወስዶ እንደገና ተተከለ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ዛሬ የሚያየው ያን ወደ ኋላ የሸሸ ፊት ነው።

ተቆርጠው የሄዱት ክፍሎች ደግሞ የቤቱ ምርጦች ነበሩ። ሮበርት አዳም የነደፈው የእንግዳ መቀበያ ክፍል ፊላዴልፊያ የጥበብ ሙዚየም ገባ። የመመገቢያ ክፍሉ ኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ሄደ። ጣሪያው፣ የግድግዳው ጌጥ፣ ሐውልት የሚቆምበት ጎድጓዳ ሁሉ ተነቅሎ፣ ተጭኖ፣ ባሕር ተሻግሮ እንደገና ተገጠመ። ሐውልቶቹ ግን ተበትነው ስለነበር ዛሬ እዚያ የቆሙት አብዛኞቹ ግልባጮች ናቸው። አንድን ቤት እንደ በግ አርዶ ቆዳውንና ሥጋውን ለየብቻ የመሸጥ ያህል ነው። ሳነበው አዝኛለሁ፤ አሁንም አዝናለሁ።

የቀረው አካል በ1935 ላንስዳውን ክለብ ሆኖ ተከፈተ። አዳም የሠራቸው ጥቂት ክፍሎች ውስጥ ውስጡን ቀሩ። ሌላው በጊዜው አዲስ በነበረው፣ ቀጥ ያለ መስመርና የሚያብረቀርቅ ጌጥ በሚወደው በአርት ዴኮ ስልት ተሠራ። መዋኛ ገንዳ፣ የስኳሽ ሜዳ፣ የሻሞላ ግጥሚያ ክፍል ተጨመረ። አንድ ሰው ይኖርበት የነበረውን ቤት ወጪ ብዙ አባላት ተካፈሉት። ክለብ ለአሮጌ ቤት የሚሰጠው ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው። አንድ ትከሻ የማይችለውን ሸክም ብዙ ትከሻ ይሸከመዋል።

ሌላም የምወድለት ነገር አለ። ላንስዳውን ክለብ ገና ሲከፈት ጀምሮ ሴቶችን በአባልነት ተቀበለ። በዚያ ዘመን ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሪፎርም ክለብ ሴት የተቀበለው በ1981 ነው። ጋሪክ ክለብ አባላቱ ሴት እንድትገባ የፈቀዱት በግንቦት 2024 ነው። ዋይትስ ዛሬም የወንዶች ነው።

ሁሉም ቤት እንዲህ ተቆርጦ ክለብ አልሆነም። የጠቅላይ ሚኒስትር ፓልመርስተን ቤት፣ እሱ በ1865 ከሞተ በኋላ የባሕር ኃይልና የጦር ሠራዊት መኮንኖች ክለብ ሆነ። ግቢው መግቢያና መውጫ ምሰሶዎች ላይ «መግቢያ»፣ «መውጫ» ተብሎ ስለተጻፈ ሰው ክለቡን በእነዚያ ሁለት ቃላት ይጠራው ጀመር።

እኛ ጋስ ትልልቆቹ ቤቶች ምን ሆኑ?

እኛ ጋ መንገዱ ሌላ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዙ። ለምኒልክ በሰላም ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን አስጠብቀው ቆዩ። የጅሬኑ ቤታቸው መጨረሻ ላይ የሕዝብ ቅርስ ሆነ፤ ብዙ የግል ዕቃቸውም ከተማ ውስጥ ጅማ ሙዚየም አለ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጅማን የደቡብ ምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አድርጎ የሠራቸው ቤቶች ደግሞ ባለቤታቸው ሲሄድ ወደ መንግሥትና ወደ ግለሰብ እጅ ገቡ።

ከዚያ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. መጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። አንድ ቤተሰብ የሚኖርበትን አንድ ቤት ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ያለው «ትርፍ» ይባላል። ወር ኪራዩ እስከ መቶ ብር የሆነውን ቀበሌ ወሰደው፤ ከዚያ በላይ የሆነውን ኪራይ ቤቶች። ብዙ ሰው ጣራ አገኘ፤ ይሄን መካድ አይቻልም። ኪራዩ ግን ለዓመታት እዚያው በመቆየቱ ቆርቆሮ እንኳ ለመቀየር አልበቃም። ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ስትሄዱ የድሮ በረንዳ ያለው፣ ግድግዳው የተላላጠ፣ አንዱ ሳሎን በኮምፔንሳቶ ለሁለት የተከፈለ ቤት ካያችሁ፣ ይህ ታሪክ ውስጡ ሊኖር ይችላል።

ለንደን ላይ ቤቱን ከጌታው የለየው የውርስ ግብርና የመሬት ዋጋ ነው። እዚህ አዋጅ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ ጣራው ሲያፈስ ማን ይከፍላል?

እና ጅሬን ክለብ ይሁን?

የአክስቴ ልጅ ባጃጅ ላይ ይህንኑ ጠየቀኝ። እኔ አይሁን ነው ያልኩት። ላንስዳውን ቤት ድሮም የአንድ ቤተሰብ ነበር፤ ክለብ ሲሆን ለብዙ ሰው ተከፈተ እንጂ አልተዘጋበትም። ጅሬን ግን አሁን የሁላችን ነው። በሩ ላይ ስም የሚያቀርብልህ አባል ፈልግ ብትለኝ ያጣሁት ነገር ይበዛል። የምመኝለት የክለቡን በር ሳይሆን የክለቡን ሒሳብ አያያዝ ነው። መዋጮው ይታወቃል፣ ኮሚቴው ይጠየቃል፣ የጣራ ጥገና ከእራቱ በፊት ይቀድማል። ይሄን እድሮቻችን ያውቁበታል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይነካ ይከለክላል። ሕጉ ማፍረስን ይከለክላል እንጂ ለጥገናው ገንዘብ አያዋጣም።

ላንስዳውን ቤትን ማየት ለሚፈልግ መንገዱ ይሄ ነው። ለንደን ከሆናችሁ አባል የሆነ ሰው ይጋብዛችሁ። ኒው ዮርክ ወይም ፊላዴልፊያ ከሆናችሁ የሙዚየሙን ትኬት ቁረጡና የተቆረጡትን ክፍሎች ግቡባቸው። ጅሬን ደግሞ ከከተማው መሃል በኮንትራት ባጃጅ ትደርሳላችሁ፤ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አያስወጣም።